የተገዘቱት ቄስ

የመምሬ ልየውን ማረፍ የሰማሁት ደብረ ማርቆስ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። አጠገቤ የተሳፈረችው ሴት ቀድሞ ካስተማርኩባት የገጠር ከተማ የመጣች ነበረች። አየኋት፣ አወቅኋት፤ እሷም አወቀችኝ። ግን ወዲያው ሰላም አልተባባልንም። በእነዚህ ዓመታት የሚያውቁትን ሰው ሰላም ከማለት በፊት የሹፌሩን ፊት ማየት ለምደናል። ሹፌሩ ጎማውን ሊያይ ሲወርድ ጠጋ አለችኝ።

"መምሬ ልየው አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም?"

"ማን ገደላቸው?" አልኳት።

ሴትዮዋ ደንግጣ አየችኝ። "ኧረ ማንም! ታመው ነው። አልጋቸው ላይ፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው።"

ከወር በላይ ሆኗቸው ነበር። ስልክ ስለማይሠራ ወሬው በእግሩ ነው የመጣው። ከአፌ ቀድማ የወጣችው ጥያቄ እስካሁን ታሳፍረኛለች። ድሮ ሰው ሞተ ሲሉን "ምን አሞት?" ነበር የምንለው።

የቀበሌዋን ስም አልጽፍም፤ ሰው አለባት። ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ናት ካልኩ ይበቃል፤ እሱም በዝቶ እንዳይሆን እፈራለሁ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የማወራውም ስለ አንድ ፈሪ ሰው ነው። ልዩነታችን እሳቸው ፍርሃታቸውን በአደባባይ ይናገሩት ነበር፣ እኔ ደብቄ እይዘዋለሁ።

መምሬ ልየው ቁመታቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን፣ ሳቃቸው ከአካላቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። የሚካኤል ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ መልስ እንደማንም ገበሬ አርሰው የሚበሉ። ነገር ሲከብዳቸው ጥምጥማቸውን በሁለት ጣት ወደ ግንባራቸው ሳብ ያደርጋሉ። ያን ካደረጉ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የታወቀ ነው፤ "ፈርቻለሁ።" የጎጃም ወንድ ይህን ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። እሳቸው ግን ሰርግ ላይ ጥይት መተኮስ ሲጀመር ከዳሱ ወጥተው ጓሮ ይቆማሉ። "ቄስ እንዴት ይፈራል?" ብለው ወጣቶቹ ሲያሾፉባቸው "ያልፈራ ቄስ ቅዳሴ ይዘላል" ይሏቸዋል።

እዚያ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ። በሁለተኛው ዓመት የንስሐ አባቴ ሆኑ፤ ኃጢአቴን የምነግራቸው፣ ቤቴን ጠበል የሚረጩልኝ እሳቸው ነበሩ። በአራተኛው ዓመት የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ አደረጉኝ። አደረጉኝ ስል ሕዝቡ መረጠኝ ማለቴ ነው፤ እሳቸው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

የምርጫው ነገር እንዲህ ነው። ድሮ የሰበካ ጉባኤ አባላት የሚመረጡት እጅ በማውጣት ነበር። በከተማዋ አንድ እህል ነጋዴ አለ፤ ግማሹ ሰው ዘር የሚበደረው ከእሱ ነው። ሊቀመንበር ሲመረጥ ሁሉም የሚያየው የነጋዴውን እጅ ነው፤ እሱ ሲያወጣ ያወጣሉ፣ ሲያወርድ ያወርዳሉ። አንድ እሑድ መምሬ ልየው ሕዝቡን አቁመው "ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ ቤተ መቅደሱ መልሱ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ስም ስጠራ እጃችሁን አውጡ" አሉ። እኔና እሳቸው እንቆጥራለን።

አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው "መምሬ፣ ሳላይ ማንን እንደምመርጥ በምን አውቃለሁ?" አሉ።

"እስከ ዛሬ እያየህ መርጠህ ምን አተረፍክ?" አሏቸው። ሰው ሁሉ እንደ ጨፈነ ሳቀ።

ነጋዴው ተሸነፈ። "ቄሱ ሕዝቡን አሳወሩት" እያለ ሲያማቸው ከረመ። እሳቸው ራሳቸው ግን በዚያ ቀን እጃቸውን ለማንም አላወጡም። ለምን ስላቸው "ቄስ ቀድሞ ከመረጠ ሕዝቡ አልመረጠም" አሉኝ። በመንግሥት ምርጫም እንዲሁ ነበሩ። ሰልፉ አልቆ ሣጥኑ ሊታሸግ ሲል የሚደርሱ እሳቸው ነበሩ። በማግሥቱ መስቀል የሚሳለም ሰው ሁሉ ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም እያየ "ለማን ሰጡ መምሬ?" ይላቸዋል። "ለሣጥኑ ነግሬዋለሁ፤ እሱን ጠይቅ" ብለው ያልፉታል።

አሁን ስለ ግዝት መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነውና። ቄስ በሥልጣነ ክህነቱ "ይህን ያደረገ የተገዘተ ይሁን" ካለ፣ ያንን ነገር ያደረገ ሰው ካህን እስኪፈታው ድረስ ቅዱስ ቁርባን አይቀበልም፣ መስቀል አይሳለምም፣ ቢሞትም ፍትሐት የለውም። በእኛ አገር ከጠመንጃ ይልቅ ግዝት ትፈራለች። ጠመንጃ ቢገድል ይህን ዓለም ነው የሚያሳጣው።

መምሬ ልየው በቅስና ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ገዝተዋል። ገና ወጣት ቄስ ሳሉ የአንድ ደሀ በሬ ተሰረቀ፤ ሰውዬው እግራቸው ላይ ወድቆ ስለለመናቸው "የሰረቀም፣ አውቆ የደበቀም የተገዘተ ይሁን" ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተናገሩ። ሌባው በሬውን ቆላ ወርዶ ሸጦ፣ ጠጅ ቤት እየጠጣ ይኖር ነበር። አንዲት መበለት ግን ከዚያ ቀን ጀምራ ቤተ ክርስቲያን መግባት አቆመች። የሌባው እናት ናት፤ ልጇ በሬውን ሲነዳ አይታዋለች። ልጇን አላጋለጠችም፣ ግዝቱንም አልደፈረችም። ሁለት ዓመት ዝም ብላ ኖረች። ልትሞት ስትል "መምሬ ይፍቱኝ" ብላ ላከችባቸው። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ሲደርሱ ተገንዛ አገኟት።

ይህን የነገሩኝ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው። "ልጀ፣ ግዝት ሌባ አትይዝም" አሉኝ። "ግዝት እምትይዘው የሚያምናትን ነው።" ከዚያ ወዲህ ገዝተው አያውቁም።

እንግዲህ ያ ሳምንት መጣ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፣ የነቢያት ጾም፣ አዝመራው አውድማ ላይ። ጫካ የገቡት ከከተማዋ በላይ ባለው ሸንተረር፣ የመንግሥት ሰዎች ከከተማዋ መሀል ነበሩ። እኛ በመካከላቸው እንኖራለን። ሞተር ስንሰማ እንፈራለን፣ ሞተር ሳንሰማ ከዋልን ደግሞ ለምን ጠፋ ብለን እንፈራለን። እኔ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶና መልእክት ሁሉ እደመስስ ነበር። በአንዱ ኬላ ደህና የነበረው ሥዕል በሌላው ኬላ ያስገድላል። የልጄን የልደት ፎቶ ሳይቀር ደምስሼዋለሁ፤ ከኋላ የተሰቀለው ጨርቅ ቀለሙ ምን ይመስል እንደነበር ማስታወስ ስላልቻልኩ ነው።

ሰኞ ዕለት ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን፤ መምህራንም ካህናትም። ሹሙ ከሁሉ አስቀድሞ መምሬ ልየውን አስነሣቸው። "ለጫካዎቹ ስንቅ የሚያቀብል፣ ቤቱ የሚያስጠጋ ሁሉ እንዲገዘት። ሕዝቡ እርስዎን ይሰማል። እሑድ እንሰማለን" አላቸው።

መምሬ ጥምጥማቸውን ሳብ አደረጉ። "ጌታዬ፣ ይህ የክርክር ነገር ነው። እናንተም ተናገሩ፣ እነሱም ይናገሩ፤ ሕዝቡ ሰምቶ ይፍረድ። ክርክር ባለበት ግዝት አይገባም።"

"ክርክሩ አልቋል አባ" አለ ሹሙ፣ ሳቅ እያለ። 

ረቡዕ ጠዋት ጤፋቸውን ሲያበራዩ አራት መሣሪያ የያዙ ሰዎች አውድማቸው ድረስ መጡ። አንደኛው መስቀል ተሳለመ፣ ከዚያ "ስብሰባ የሚሄድ፣ ግብር የሚከፍል፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ እንዲገዘት። እሑድ እንሰማለን" አላቸው። ቃል በቃል ያው "እሑድ እንሰማለን"። መምሬም ያንኑ መለሱ፤ ሕዝቡ ሰምቶ ይፍረድ አሉ።

"ሕዝቡ እኛ ነን አባታችን" አላቸው የተሳለመው ልጅ። ክርስትና ያነሡት እሳቸው ነበሩ።

ሐሙስ ለቃለ ጉባኤ ጉዳይ ቤታቸው ሄጄ ሳለ እትዬ የሻረግ መጡ። እትዬ የሻረግ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ትልቁ ሚሊሻ ሆኖ ቀበሌውን ይጠብቃል፤ ትንሹ ጫካ ነው። ለትንሹ በሶና ቆሎ ይልካሉ፤ ትልቁ እንዳይጠረጠርባቸው ደግሞ ስብሰባ አይቀሩም። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያወራውም። ሴትዮዋ አልተቀመጡም። በሩ ላይ ቆመው፣

"መምሬ፣ የትኛውን ልጄን ነው የሚገዝቱብኝ?" አሉ። "ይንገሩኝና ከአሁኑ ላልቅስለት። እኔ እንደሁ ሁለቱንም አልተው። ተገዝቼም ቢሆን እልክለታለሁ፣ ተገዝቼም ቢሆን እሄድለታለሁ። ስሞት ግን እንደ ውሻ ልቀበር ነው?"

 መምሬ ልየው መስቀሉን በሁለት እጃቸው ይዘው አሳለሟቸው። እትዬ የሻረግ ከወጡ በኋላ መምሬ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጀ፣ ነገ ትምህርት አለሽ?"

"ትምህርትማ ቆመ እኮ አባ።"

"እሽ። ነገ ከኔ ጋር መንገድ ትሄጃለሽ። ሴት አብራኝ ከሄደች ገበያ የምወርድ ይመስላል።"

አርብ ጠዋት ዘንቢል ይዤ ተከተልኳቸው። የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መንገዱን ሙሉ አንድም ሰው አላገኘንም፤ ሰው የሌለበት የአርብ መንገድ ያን ቀን አየሁ። የመጀመሪያው ኬላ ላይ "ወዴት ነው አባ?" ሲሏቸው "የታመመ ሰው ልጠይቅ" አሉ። እነዚህ የማን ሰዎች እንደሆኑ እስክናልፋቸው አላወቅሁም ነበር። ራቅ ስንል "አባ፣ ማን ታሞ ነው?" አልኳቸው።

"የንስሐ አባቴ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን በሽታ አለ?" አሉና ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ቄስም የንስሐ አባት አለው። የመምሬ ልየው የንስሐ አባት አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መሆናቸውን፣ የት እንደሚኖሩም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በከተማችን ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። መነኩሴው የሚኖሩት ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ ጣራዋ ዝቅ ባለ ጎጆ ነው። እኔ ደጅ ተቀመጥኩ። በሩ መዝጊያ የለውም፤ የሚነጋገሩት ይሰማኛል።

"ይግዘቱኝ አባቴ" አሉ መምሬ ልየው።

"ምን አጠፋህና?"

"ገና አላጠፋሁም። ማንንም ሰው እንዳልገዝት ይግዘቱኝ። ከገዘትኩ የተለየሁ ልሁን።"

"ልየው፣ አብደሃል? አልገዝትም ብለህ እንቢ አትልም?"

"እንቢ አልልማ! ራሴን አውቀዋለሁ፤ ፈሪ ነኝ። አፈሙዝ ካሳዩኝ እገዝታለሁ። ስለዚህ ከእነሱ በፊት እርስዎ ይሰሩኝ። እነሱ ከሚያስፈሩኝ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ይስጡኝ።"

 ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ በግእዝ ሲያነብ ሰማሁ። መምሬ ሲወጡ ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር። "ታሰርኩ" አሉኝ። ስንመለስ፣ ከወንዙ ዳር ቆም ብለው "የአባን ስም ለማንም እንዳትነግሪ። ፍታው ብለው ያሰቃዩአቸዋል" አሉኝ። በሚካኤል ምዬ፣ አልናገርም አልኳቸው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። ቅዳሴ ያልለመዱ ሰዎች ሁሉ መጥተዋል። ከወንዶቹ መሀል ጋቢ ደርበው የቆሙ፣ ጋቢው በሥሩ ባለ ጠመንጃ ከትከሻቸው ላይ የሾለባቸው ነበሩ። አንዳንዶቹ የከተማው ናቸው፣ አንዳንዶቹ የሸንተረሩ። እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፣ አብረው ያደጉ ናቸው፤ አይተያዩም። እኔ ከሴቶቹ በኩል ልጄን እጇን ጨብጬ ቆሜ ነበር፤ "እማ፣ አመመኝ" እስክትለኝ ድረስ ምን ያህል እንደጨበጥኳት አላወቅሁም።

ቅዳሴው አለቀ። መምሬ ልየው ልብሰ ተክህኗቸውን እንደለበሱ ወደ ዐውደ ምሕረቱ ወጡ፤ ስብከት የሚሰጡባት ደረጃ ናት።

"ሰኞ አንዱ ጠራኝ" አሉ። "ረቡዕ ሌላው መጣብኝ። ሁለቱም ግዘት አሉኝ፣ ሁለቱም እሑድ እንሰማለን አሉኝ። ይኸው መጥታችኋል፤ ስሙ። እኔ መግዘት አልችልም። የንስሐ አባቴ ማንንም እንዳልገዝት ገዝተውኛል። አንድ ሰው ብገዝት ያን ጊዜውኑ ቅስናዬ ቀረ፤ ግዝቱም ግዝት አይሆንም። አስገድዶ ያስገዘተኝም አብሮኝ የተለየ ነው።"

ወደ ጋቢ ለባሾቹ ዞሩ።

"ነገር ያላችሁ፣ ሰው ሰብስቡና ተከራከሩ። ሕዝቡ ያመነበትን ይምረጥ፣ ያላመነበትን ይተው። ነፍሱን ግን በመካከል አስይዤ አልሰጣችሁም። ደግሞ እዩኝ፤ ፈርቻለሁ። ጉልበቴን እዩት።" እውነትም የልብሳቸው ጫፍ ይርገበገብ ነበር። "ስንቅ የሰጣችሁም፣ ስብሰባ የሄዳችሁም፣ እግዚአብሔር ይፍታችሁ።"

እትዬ የሻረግ መሬት ላይ ተደፍተው ሳሙት። ሌላው ሰው ድምፅ ሳያሰማ ተበተነ።

በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ መምሬ ልየውን ወሰዷቸው። ማን እንደወሰዳቸው አልጽፍም። ሁለቱም ሊያደርጉት ይችሉ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የወሰዷቸው፣ ነገሩ ለሌላው ወገን የተደረገ ዘዴ መስሏቸው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ወደ እኔ መጡ። ትምህርት ቤቱ ባዶ ነበር፤ እኔ የተማሪዎች መዝገብ ልወስድ ገብቼ ነው። ሁለት ናቸው። የልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ፤ አንደኛው ጠመኔ አንሥቶ በጣቱ ያሽከረክራል። አልሰደቡኝም፣ አልመቱኝም። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

"መምህርት፣ አርብ ዕለት ከቄሱ ጋር የት ነበራችሁ?"

"ገበያ" አልኩ።

"ያን አርብ ገበያ አልቆመም።"

መዝገቡን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

"የገዘታቸውን ሰው ስም ብቻ ነው የምንፈልገው። ግዝቱን ይፈቱላቸዋል፣ ቄሱም ቤታቸው ይገባሉ። እኛም ሃይማኖት አለን።" ጠመኔውን አስቀመጠ። "ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ናት?"

የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ስሟን ጠራ። በቤት የምንጠራትን፣ የቁልምጫ ስሟን።

የመነኩሴውን ስም ነገርኳቸው። ያልጠየቁኝን መንገዱን፣ ወንዙን፣ ጎጆዋ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ጓሮ እንደሆነች፣ በሩ መዝጊያ እንደሌለው ጭምር ነገርኳቸው። አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ እኔ አልነበርኩም የምዘጋው። ስማቸውን አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልናገርም፣ እዚህም አልጽፈውም።

ሽማግሌውን ያን ዕለት ወሰዷቸው። ሁለት ሌሊት ውርጭ ላይ አሳደሯቸው አሉ። "ፍቱት" ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ "እሱ ራሱ መጥቶ ካልለመነኝ አልፈታም።" መምሬ ልየው ደግሞ አልለምንም አሉ። አፈሙዝ ካሳዩኝ እገዝታለሁ ያሉት ሰው! ሽማግሌውን በሦስተኛው ቀን ለቀቋቸው። መምሬን ግን የአገር ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው ለምነው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው ያስወጧቸው። ግራ እጃቸውን ከጋቢያቸው አያወጡም ነበር፤ ምን እንዳደረጓቸው ለማንም አልተናገሩም። ግዘት ብሎ የመጣባቸው ግን ከዚያ በኋላ የለም፤ ከሁለቱም ወገን።

መነኩሴውን ከውርጩ የያዛቸው ሳል አልለቀቃቸውም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሞቱ።

እኔ ቀብራቸው አልሄድኩም፤ አሞኛል አልኩ። የሄዱት ሲመለሱ ግን አንድ ነገር ይዘው መጡ። ከፍትሐቱ በኋላ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ የሽማግሌው ዘመዶች "አባታችንን ማን ጠቆመ?" ብለው ሲያለቅሱ መምሬ ልየው ወደ ፊት ወጥተዋል። "እኔ ነኝ" ብለዋል። "ብርዱን አልቻልኩም። ስማቸውን የሰጠሁ እኔ ነኝ።" አንድ ሰው ምራቁን መሬት ላይ ተፋ አሉ። መምሬ ጎንበስ ብለው ቆሙ እንጂ አልሄዱም።

በሚቀጥለው እሑድ መስቀል ልሳለም ቀረብኩ። ከዚያ በፊት ለሦስት እሑዶች ሸሽቻቸው ነበር። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው፣

"ሰምተሻል አይደል ልጀ?" አሉኝ። "ማክሰኞ ነው የነገርኳቸው። የኔ ኃጢአት ነው፤ አንቺ በዚህ ነገር ልብሽ እንዳይታወክ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።"

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ። እግሬ ቀለለኝ። ቤቴ ገብቼ ለልጄ ምሳዋን አቀረብኩላት፣ አብሬያት በላሁ፤ ከስንት ሳምንት በኋላ ምግብ ጣመኝ። ዕቃውን ሳጥብ ነው የገባኝ። እኔ ዘንድ የመጡት ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ ረቡዕ ጠዋት እኔን ምን ሊጠይቁ መጡ?

ይህን ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ሁለት ዓመት መስቀላቸውን ተሳልሜአለሁ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፌላቸዋለሁ፤ አንድም ቀን አላነሣነውም። በኋላም ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ ሄድኩ።

ባጃጁ ውስጥ መርዶውን በሰማሁ በሳምንቱ፣ ስልኬን እንደ ልማዴ ደምስሼ፣ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ቤታቸው ሰው አልጠፋበትም ነበር። ባለቤታቸው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጆቻቸው እንግዳ ያስተናግዳሉ። ሽማግሌዎች ስለ መምሬ ያወራሉ፤ ሕዝቡን አስጨፍነው ያስመረጡትን አንሥተው ሳቁ፣ ስለ ፍርሃታቸው አንሥተው ሳቁ። ከመነኩሴው አጥቢያ የመጡ አንድ አዛውንት ግን አልሳቁም።

"ደግ ሰው ነበሩ" አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ያቺ አንዲት ነገር ባትኖርባቸው።"

 ልጆቻቸው መሬት መሬት ያያሉ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። ልናገር ብድግ አልኩ፤ ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ከሰዎቹ መሀል የማላውቃቸው ሁለት ወጣቶች ነበሩ፣ በሩ አጠገብ።

"ነፍስ ይማር" አልኩና ተቀመጥኩ።